ቁልፉ ቤት ውስጥ ሲቀር፦ የብሌድ ሰርቨር ማኔጅመንት ኔትወርክ

ሐምሌ ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ሌሊቱን ሙሉ ሲያስገመግምና ሲዘንብ አድሯል። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ፤ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ናቸው። «ልጄ፣ መብራት ሄዶ ነበር፣ አሁን መጥቷል። ግን ያ ማሽን ያለበት ክፍል እንደ አውሮፕላን ይጮኻል» አሉኝ። «መጣሁ ጋሼ» አልኩና ከአባይ ማዶ ባጃጅ ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ።

ጩኸቱ አላስጨነቀኝም። ቻሲሱ፣ ማለትም ሰርቨሮቹ የሚሰኩበት ሳጥን፣ ሲነሳ 10ሩ ፋኖቹ አንድ ላይ በሙሉ ኃይል ይሽከረከራሉ፣ ከዚያ ይረጋጋሉ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። መንገድ ላይ ሆኜ በስልኬ የሞከርኩት ሲስተም ሁሉ አይከፈትም።

እቃውን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። የእኛ ኤችፒ ሲ7000 ነው። ትልቅ ሳጥን ነው፤ ራክ በሚባለው የእቃ መደርደሪያ ላይ 10 ዩ (ዩ የከፍታ መለኪያ ነው) ይይዛል፣ ውስጡ ብሌድ የሚባሉ እስከ 16 ቀጫጭን ሰርቨሮች ይሰካሉ፣ እነሱም እስከ 6 የሚደርሱ ፓወር ሰፕላዮችን በጋራ ይጠቀማሉ። ሳጥኑን የሚያስተዳድረው ኦንቦርድ አድሚኒስትሬተር የሚባል ከኋላ የሚገባ ሞጁል ነው፣ እኛ ኦኤ እንለዋለን። እያንዳንዱ ብሌድ ደግሞ የራሱ አይሎ፣ ማለትም ከሩቅ መቆጣጠሪያ ቺፕ፣ አለው። ሰርቨሩ ጠፍቶም ቢሆን በአይሎ ታበሩታላችሁ፣ ስክሪኑን ከሩቅ ታያላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አይሎዎቹ የየራሳቸው ኬብል የላቸውም። የሁሉም መውጫ የኦኤው ፖርት ነው። ያ ቀጭን ኬብል ቢነቀል ተጠቃሚው ምንም አይሰማውም፣ ሰርቨሮቹም ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ አስተዳዳሪው ግን በአንድ ጊዜ ይታወራል።

እኛ ኬብሉን ሰክተን ነበር፤ ችግሩ አድራሻው ላይ ነው። ኦኤው ከፋብሪካ ሲመጣ የኔትወርክ አድራሻ የሚጠይቀው ከዲኤችሲፒ፣ ማለትም አድራሻ በራሱ ከሚያድል አገልግሎት፣ ነው። መጀመሪያ ስንተክለው አድራሻ አገኘ፣ ገጹም ተከፈተ፣ እኛም ደስ ብሎን ተውነው። ያ ዲኤችሲፒ ግን የሚሠራው እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ 3ኛው ብሌድ ላይ ባለ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ነው። ሳጥኑን ለምናስተዳድርበት የማኔጅመንት ኔትወርክ መንገድ የሚሰጠው ፋየርዎልም (የኔትወርኩ በር ጠባቂ) ያው እዚያ። ብሌዶቹን ለማየት ኦኤው አድራሻ ያስፈልገዋል፣ አድራሻውን የሚሰጠው ደግሞ ብሌዱ ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አልታየንም፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር አንድ ላይ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ያን ሌሊት ጀነሬተሩ አልነሳም፣ ዩፒኤሱም አለቀ።

ብሌዱን በፊት ለፊት ባለው ቁልፍ አበራሁት። አረንጓዴ መብራቱ መጣ። 10 ደቂቃ ጠበቅኩ፣ 20 ደቂቃ፣ ምንም የለም። ስክሪኑን ማየት ነበረብኝ። ብሌዱ ላይ ፊት ለፊት የሚሰካ፣ ሞኒተርና ኪቦርድ የሚያገናኝ ልዩ ኬብል አለ፤ ከእቃው ጋር መጥቶ ነበር። መሳቢያ ሁሉ አገላበጥኩ፣ የለም።

1 ሰዓት ላይ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደረሰች። ጃኬቷ እንደበሰበሰ ነው። «ላፕቶፑን ቀጥታ ኦኤው ላይ ብንሰካውስ?» አለች። ያዳነን ይሄ ነው። ከኋላ ሁለት ሳጥኖችን ለማያያዝ የተሠሩ ፖርቶች አሉ፤ ወደ ላይ የሚያመለክተው እንደ ሰርቪስ ፖርትም ያገለግላል። ላፕቶፑን እዚያ ሰክታችሁ አድራሻ በራሱ እንዲቀበል ትተዉታላችሁ። ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ሰርቪስ አይፒ የሚል በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ታያላችሁ፣ እሱን ብሮውዘር ላይ መጻፍ ነው። ዲኤችሲፒ የለ፣ ስዊች የለ፣ ፋየርዎል የለ፣ ገባን። የመጀመሪያው ፓስወርድ ሞጁሉ ላይ በተንጠለጠለች ወረቀት የተጻፈ ስለሆነ እባካችሁ ወረቀቷን አትጣሏት።

ለኦኤው ቋሚ አድራሻ ሰጠነው። ለአይሎዎቹ ደግሞ ኢቢአይፒኤ የሚባለውን ከፈትን። እሱን በጣም እወደዋለሁ። ኦኤው ራሱ ለየቤዩ፣ ማለትም ለየብሌዱ መሰኪያ ቦታ፣ አድራሻ ያድላል፤ የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ማስኩን (የኔትወርኩን ስፋት) እና ጌትዌዩን (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫውን) ትሞላላችሁ፣ የቀረውን በተርታ ይሞላዋል። አድራሻው የቤዩ እንጂ የብሌዱ ስላልሆነ ብሌድ ቢበላሽና ሌላ ብትሰኩ አዲሱ ያንኑ አድራሻ ይወስዳል። አይሎው ግን ዲኤችሲፒ ላይ እንደተቀመጠ መሆን አለበት፤ በእጅ ቋሚ አድራሻ ተሰጥቶት ከነበረ ኢቢአይፒኤውን አይቀበልም። ተግባራዊ ስታደርጉት አይሎዎቹ ዳግም ስለሚነሱ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋሉ፣ አትደንግጡ።

ከዚያ ላፕቶፑን ማኔጅመንት ስዊቹ ላይ አዙረን 3ኛውን ብሌድ ከፈትን። ምክንያቱ ታየ። ብሌዱ የተነሳው ስቶሬጁ፣ ማለትም ዲስኮቹ ያሉበት እቃ፣ ሳይነሳ ነው። ዲስኩን አላገኘም፣ ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽኖቹን አላስነሳም። ዳግም አስነሳነው፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተመለሰ። ለ6 ደቂቃ ሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ቆየን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም እንደገና ሠራን። ማኔጅመንቱን ለብቻው ቪላን፣ ማለትም ስዊቹ ላይ የተለየ ኔትወርክ፣ አደረግነው፣ ጌትዌዩንም ከቨርቹዋል ማሽን አውጥተን ወደ ስዊቹ ወሰድነው። ሁለት ኦኤ አለን፣ አንዱ ይሠራል አንዱ ይጠብቃል። ኬብሎቻቸው አንድ ስዊች ላይ ነበሩ፣ ወደ ሁለት የተለያዩ ስዊቾች ለየናቸው። ኢንክሎዠር አይፒ ሞድ የሚባለውንም አበራን፤ ኦኤዎቹ ሥራ ሲቀያየሩ አድራሻው ከሚሠራው ጋር ይሄዳል፣ የምትገቡበት ቁጥር አይቀየርም። የሁለቱም ፈርምዌር (ውስጣቸው ያለው ሶፍትዌር) አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አሮጌ ከሆነ ደግሞ የዛሬ ብሮውዘር ገጹን አልከፍትም ይላችኋል፣ ስለዚህ ሳይቸግራችሁ አሳድጉት። ወደ አይሎ የሚወስዱትን የፖርት ቁጥሮች፣ 443ን፣ 22ን እና ስክሪኑን ከሩቅ ለምናይበት ሪሞት ኮንሶል 17990ን ከአንዲት ማሽን ብቻ ፈቀድን። ያቺ ማሽን ትንሽ ዴስክቶፕ ናት፣ ከሳጥኑ ውጭ በራሷ ዩፒኤስ የምትሠራ።

ሰዓቱንም አስተካከልን። ሎጉ (የክስተት መዝገቡ) 04:50 ሲል ለእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ50 ነው። ግን ኦኤው፣ ስዊቹና ስቶሬጁ አንድ ሰዓት ካልያዙ ማን ቀድሞ እንደተነሳ አታውቁም፤ እኛ ያን ቀን በግምት ነው የደረስንበት።

የሙቀት ማስጠንቀቂያውን ነገር ብቻዬን እንኳን ብቀር አጥብቄ እናገራለሁ። የእቃው መግለጫ እስከ 35 ዲግሪ ይላል። ያ ግን በባሕር ወለል ከፍታ ነው፤ በየ305 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ባሕር ዳር ወደ 1800 ሜትር ላይ ናት፣ ስለዚህ ለእኛ ጣሪያው 29 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ሳሳ ሲል ሙቀት የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል። በሚያዝያ ኤሲ በሌለው ክፍል 29 ቶሎ ይደረሳል። ኦኤው ይህን በኢሜይል እንዲነግረን አድርገናል። ኢሜይሉ የሚያልፍበት ሰርቨር ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የለም፣ እሱን ሁለቴ አረጋገጥኩ።

በመጨረሻ ሞከርነው። የሚሠራውን ኦኤ በእጄ ነቅዬ አወጣሁት። ልጅቷ አድራሻው መልስ መስጠቱን የሚያሳየውን ፒንግ ይዛ ተቀምጣለች። ጥቂት ጊዜ ተቋረጠና ያው አድራሻ መልስ መስጠት ጀመረ። ከዚያ አስፈቅደን፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ሙሉ ሳጥኑን አጠፋነው። ስቶሬጁ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ 3ኛው ብሌድ፣ ከዚያ የቀሩት፤ ሁሉንም ከዴስክቶፗ አስነሳናቸው። ጥበቃው በር ላይ ቆመው ያዩን ነበር። «አሁንስ ቢጮኽ ልደውል?» አሉኝ። «ይደውሉ ጋሼ፣ እኔ ግን ከቤት ሆኜ አየዋለሁ» አልኳቸው።

ማታ ሐይቁ ዳር ሄደን ትኩስ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በላን። የጠፋው ኬብል በሳምንቱ ከአንድ የድሮ ፕሪንተር ካርቶን ውስጥ ተገኘ፣ አሁን የራኩ በር ውስጠኛ ክፍል ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል።