ካርዱ አልተቃጠለም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። እኛ ቢሮ ግን ወሬው የጀመረው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነበር። ላፕቶፖቻችን አብዛኞቹ ያገለገሉ ሆነው የተገዙ ናቸው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ መሆን አለበት። የእኛዎቹ አራተኛና አምስተኛ ትውልድ ናቸው። ሁሉንም በአዲስ እንቀይር ቢባል በጀቱ የለም። የደኅንነት አፕዴት በማያገኝ ኮምፒውተር ላይ የድርጅት ሒሳብ መሥራት ደግሞ ያስፈራል። ክራክ የተደረገ ነገር መጫን ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ወደ ኡቡንቱ እንሂድ ተባለ፤ ኡቡንቱ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን፣ በሊኑክስ ላይ የተሠራ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው።

ሥራው ለእኔና ለልምምድ ከኮሌጅ ለመጣ አንድ ልጅ ተሰጠ። የያዝነው ፍላሽ ላይ የኡቡንቱ 22.04 ቅጂ ነበር፤ ድጋፉ እስከ ሚያዝያ 2019 ድረስ ስለሚቆይ በእሱ ቀጠልን። አብዛኞቹ ላይ ያለ ችግር ገባ። ድምፁ፣ ካሜራው፣ ፕሪንተሩ ሁሉ ወዲያው ሠራ። አንዱ ላፕቶፕ ብቻ ዋይፋይ እምቢ አለ። እሱም የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ላፕቶፕ ሆነ። እኚህን ሴት ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ወሩ ደግሞ እያለቀ ነበር፤ ግብር በኦንላይን የሚያሳውቁበት ሳምንት ነው።

እኔ በዚያ ሰሞን ለሌላ ሥራ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። ስመለስ ልጁ በጣም ተጨንቆ አገኘሁት። በስልኩ እየፈለገ ያገኘውን ትእዛዝ ሁሉ ሞክሯል። አልሆን ሲለው ላፕቶፑን ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ወሰደው። እዚያም «ካርዱ ተቃጥሏል፤ ዩኤስቢ ዋይፋይ ግዙ» አሉት። እትዬ ደግሞ ገና ሲያዩኝ «ልጄ፣ የድሮውን መልስልኝና ሥራዬን ልሥራ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው ሥራው የሚቆምበት ከሆነ የሶፍትዌር ነፃነት የሚባለው ነገር ምኑም አይደለም።

«ተቃጥሏል» የሚለውን ቃል ከመቀበሌ በፊት ማሽኑን ራሱን መጠየቅ ፈለግኩ። ተርሚናል ከፍቼ ኤልኤስፒሲአይ የሚባለውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ከኋላው ሰረዝ፣ ከዚያ ኤንኤንኬ የሚሉትን ፊደላት ጨመርኩ። ይህ ትእዛዝ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ካርዶች ከነመታወቂያ ቁጥራቸው ይዘረዝራል። የትኛው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም፣ እንደያዛቸውም ይናገራል። የዋይፋይ ካርዱ እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በትክክል የተቃጠለ ካርድ ብዙውን ጊዜ ከዝርዝሩ ጭራሹን ይጠፋል። የእኛ ግን ስሙንም ቁጥሩንም ተናገረ፤ 14ኢ4፡4365። የመጀመሪያው ግማሽ የአምራቹ መለያ ነው፤ 14ኢ4 ብሮድኮም ማለት ነው። ሁለተኛው የቺፑ መለያ ነው፤ 4365 ደግሞ ቢሲኤም43142 የሚባለው ነው። ከሥሩ የድራይቨር ስም ሊኖርበት የሚገባው መስመር ግን የለም። ካርዱ አለ፣ የሚያንቀሳቅሰው የለም።

አርኤፍኪል በሚባለው ትእዛዝም አየሁ። አንዳንድ ላፕቶፖች ዋይፋይን የሚዘጋ ቁልፍ ወይም የኪቦርድ በተን አላቸው። ሳይታወቅ ተነክቶ ሰው ቀኑን ሙሉ ድራይቨር ሲፈልግ ይውላል። የእኛ በዚያ በኩል ንጹሕ ነበር።

አሁን ልጁ የሞከረውን አንድ በአንድ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። እንዳይደነግጥ ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ነው ያወራነው። የተከተለው መመሪያ ቢ43 ለሚባለው ድራይቨር የተጻፈ ነው። መመሪያው ስሕተት የለበትም። እንደ ቢሲኤም4318 ላሉት የቆዩ የብሮድኮም ቺፖች በትክክል ይሠራል። ችግሩ የእኛ ቺፕ ሌላ መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ መመሪያው ደብሊውኤል የተባለውን ሌላ ድራይቨር እንዳይነሣ አግዱት ይላል። ልጁም አገደው። የእኛን ካርድ የሚያንቀሳቅሰው ግን ያ የታገደው ነው።

ነገሩ እዚህ ድረስ እንዴት እንደተወሳሰበ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው «ሊኑክስ ዋይፋይ አይወድም» ብሎ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር የሚኖረው ከርነል በሚባለው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው። ካርዱን ሰክተህ ስታበራ ይሠራል፤ የሚወርድ ነገር የለም። ለዚህ ግን የድራይቨሩ ኮድ ክፍት መሆን አለበት። የብሮድኮም ዋይፋይ ቺፖች ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አልነበሩም። ቢ43ን የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የአምራቹ ሰነድ ሳይኖራቸው የዝጉን ድራይቨር ባሕርይ እያጠኑ ነው የጻፉት። ብሮድኮም ራሱ እ.ኤ.አ. መስከረም 2010 ክፍት ድራይቨር አወጣ፤ ያ ግን ለጥቂት ቺፖች ብቻ ነበር። 43142 እዚያ ውስጥ አልገባም። ቢ43ም አያውቀውም። የቀረው ደብሊውኤል ነው፤ እሱም ዋና ክፍሉ ዝግ ነው። ኩባንያው ያወጣው የመጨረሻ ቅጂ 6.30.223.271 ሲሆን የእ.ኤ.አ. 2015 ነው። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር ድራይቨሩ እንዳይሰበር ማስተካከያ የሚጽፉት የኡቡንቱና የዴቢያን ሰዎች ናቸው። ማንም ስማቸውን አይጠራም። አዲስ አበባ ያለች አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ግብሯን በሰዓቱ የምታሳውቀው በእነሱ ድካም ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። የቢ43ን ፓኬጅ አጠፋን። ሞድፕሮብ ዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የእገዳ መስመርም ሰረዝን። ቀጣዩ ጥያቄ ኢንተርኔት ነው። ዋይፋይ ለማስነሣት ፓኬጅ ማውረድ አለብህ፤ ለማውረድ ዋይፋይ ያስፈልግሃል። ራውተሩ ደግሞ ሌላ ክፍል ነው፤ ገመዱ አይደርስም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ቀላል መንገድ አለ። ስልክህን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ትሰካና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ታበራለህ። ኡቡንቱ ልክ እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል፤ ምንም የሚጫን ነገር የለም። ከሁሉ ደስ የሚለው፣ ስልኩ የቢሮ ዋይፋይ ላይ ከሆነ የሚያካፍለው ያንኑ ነው። ዳታህ አይነካም። ልጁ ይህን ሲያይ «እንዲህም ይቻላል እንዴ!» አለ። ስልክ አጠገብ ባይኖርም ኖሮ ፓኬጁ 22.04 ፍላሹ ላይ፣ ፑል የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ሪስትሪክትድ በሚለው ሥር አለ።

የፓኬጁ ስም ቢሲኤምደብሊውኤል ከርነል ሶርስ ይባላል። ጫንነው። ድራይቨሩ ተዘጋጅቶ አይመጣም፤ ዲኬኤምኤስ የሚባለው ፕሮግራም እዚያው ማሽኑ ላይ ላለው ከርነል ይገነባዋል። ግንባታው ያለ ስሕተት አለቀ። ዋይፋዩ ግን አሁንም የለም።

በዚህ ጊዜ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም የሚያጠፋው። ድራይቨሩን በእጅ ለማስነሣት ሞድፕሮብ ብለን ጻፍን። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ይህ የሴኪዩር ቡት መልስ ነው። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ከርነሉ የሚያምነው ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አያስነሣም። ኡቡንቱ እዚያው ለተገነባው ድራይቨር የራሱን ፊርማ ይፈርማል፤ ግን የፊርማውን ቁልፍ የማሽኑ ባለቤት አንድ ጊዜ ቀርቦ ማጽደቅ አለበት። ልጁ ቶሎ አስታወሰ። «ከጫንኩ በኋላ ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ነበር። ችግር የተፈጠረ መስሎኝ ኮንቲኒው ቡት አልኩት» አለኝ። ያ ሰማያዊ ስክሪን ነበር ማጽደቂያው። ትንሽ ሰከንድ ካልነካኸው ደግሞ ራሱ ያልፋል።

ብዙ ቴክኒሻን እዚህ ጋ ባዮስ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ያጠፋል። ይሠራል። እኔ ግን የሒሳብ ኮምፒውተር ላይ ያንን በር መክፈት አልፈለግኩም፤ የሚተርፈው ድካም ትንሽ ነው። ሞክዩቲል በሚባለው ትእዛዝ ቁልፉን እንደገና አስገባን። ለአንድ ጊዜ የሚያገለግል ፓስወርድ ይጠይቃል። ያ ስክሪን የሚያውቀው የአሜሪካን ኪቦርድ ብቻ ስለሆነ ቁጥርና ተራ ፊደል ብቻ ተጠቀምን። አጥፍተን አስነሣን። ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ ኤንሮል ሞክ፣ ኮንቲኒው፣ የስ፣ ከዚያ ፓስወርዱን። ልጁ ነው የነካካው፤ እኔ ቆሜ አየሁ።

ዋይፋዩ መጣ። የጎረቤቶቹ ስም ሁሉ ተደረደረ። የእኛ ቢሮ ራውተር ከሚያሰራጫቸው ሁለት ስሞች አንዱ ብቻ ነው የታየው። ልጁ እንደገና ፊቱ ጠቆረ። ይህ ግን ብልሽት አይደለም። 43142 የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው፤ ባለ 5 ጊጋኸርዙ ስም በዊንዶውስም ጊዜ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ታይቶ አያውቅም። እትዬን ጠየቅናቸው። «አዎ፣ የኔ ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳየኝ» አሉ። ከዚያ ላፕቶፑን ተቀብለው ወደ ግብራቸው ገቡ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ልጁ ደወለልኝ። የእትዬ ዋይፋይ ጠፍቷል። ድምፁ ግን የበፊቱ ዓይነት አልነበረም። «ኤልኤስፒሲአይ ላይ ካርዱ አለ፣ ድራይቨሩ የለም። ዲኬኤምኤስ ስታተስ ብዬ ሳየው ደብሊውኤል የተገነባው ለድሮው ከርነል ብቻ ነው» አለኝ። ስልኩን ይዤ ደስ አለኝ። ምን እንደተፈጠረ ራሱ ደረሰበት። አፕዴት እየተጫነ መሀል ላይ መብራት ሄዷል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ካረጀ ቆይቷል። አዲሱ ከርነል ገባ፤ ድራይቨሩ ግን ለእሱ ሳይገነባለት ቀረ።

መጀመሪያ የእትዬ ሥራ እንዳይቆም አደረገ። ሲነሣ ኤስኬፕ ተጭኖ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ገባና የድሮውን ከርነል መረጠ። ኡቡንቱ የቀደመውን ከርነል ወዲያው አይጥለውም፤ ለእንዲህ ዓይነት ቀን ያስቀምጠዋል። ዋይፋዩ ሠራ። እሳቸው ምሳ ሲወጡ ዲፒኬጂ ኮንፊገር ብሎ የተቋረጠውን አስጨረሰው። ኢንተርኔት እንኳ አላስፈለገውም፤ ፋይሉ ቀድሞ ወርዷል። ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል ተገነባ። አሁን ትልቅ አፕዴት ቻርጀር ተሰክቶ፣ ዩፒኤስ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው የምንጭነው።

እያንዳንዱ ላፕቶፕ ሥር የዋይፋይ ካርዱን ቁጥር የያዘ ትንሽ ወረቀት ለጥፈናል። ሐሳቡ የልጁ ነው። 8086 ብሎ የሚጀምረው ኢንቴል ነው፤ ከድራይቨሩ ጋር የሚሄደው ፈርምዌር ከኡቡንቱ ጋር ስለሚመጣ ራሱ ይነሣል። 10ኢሲ ሪልቴክ ነው፤ እሱ እንደ ቺፑ ነው፣ አንዳንዱ ወዲያው ይሠራል፣ አንዳንዱ ፓኬጅ ይፈልጋል። ካርዱን በኢንቴል መቀየር ይሻላል ያለን ሰው ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ባዮሳቸው የማያውቀውን ካርድ ሲያዩ ጭራሽ አልነሣም ይላሉ። ከመግዛት በፊት ያንን ማጣራት ያስፈልጋል።

በቅርቡ ተጨማሪ ያገለገሉ ላፕቶፖች ለመግዛት ሲወጣ ልጁ ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ኡቡንቱን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ መሞከር ይቻላል። ሻጩን አስፈቅዶ አንድ በአንድ ከፈታቸው፣ ቁጥሩን አየ፣ ዋይፋዩን አገናኘ። አንደኛው ላይ 14ኢ4፡4365 ወጣ። ያንኑም ጨምረን ገዛነው፤ ሻጩ ትንሽ ቀነሰልን።