የሶርተር ቢድ ስትገዙ ቀለሙን ሳይሆን ሌዘሩን ጻፉ

ለሴል ሶርተር (ሴሎችን በሌዘር አይቶ አንድ በአንድ ለሚለይ ማሽን) የሚሆን ፍሎረሰንት ቢድ ልትገዙ ከሆነ የግዢ ጥያቄውን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ስጀምር እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ደህና የሆነ ማሽን አላግባብ ሥራ ፈትቶ ባልቆመ ነበር። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ መሠረቱ። ቢዶቹ መጠናቸው እኩል የሆነ፣ ውስጣቸው ወይም ገጻቸው የሚያበራ ቀለም የያዘ የፖሊስታይሪን ቅንጣቶች ናቸው። ለዚህ ሥራ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ናቸው። ሴል ከቀን ቀን ይለያያል፤ በደንብ የተቀመጠ ቢድ ግን አይለያይም። ስለዚህ ዛሬ ስክሪኑ ላይ ያለው ከትናንቱ ከተለየ፣ የተለወጠው ማሽኑ ነው ማለት ነው። ሌዘሩ ዘንበል ብሏል፣ ፍሎው ሴሉ (ናሙናው በሌዘሩ ፊት የሚያልፍበት ክፍል) ቆሽሿል፣ ወይም አየር ገብቷል።

ሁሉን የሚሠራ አንድ ቢድ የለም። ጨረሩን ለማስተካከል ጠባብ ፒክ (ስክሪኑ ላይ የሚታይ የድምቀት ጉብታ) የሚሰጥ፣ አንድ ዓይነት ድምቀት ያለው ቢድ ይበቃል። የዲቴክተሩን (የብርሃን መቀበያውን) አቅም ለማየት ደግሞ እንደ ስፌሮቴክ ኩባንያ ሬይንቦው ያለ፣ ከጨለማው እስከ ደማቁ 8 ደረጃ ያለው ድብልቅ ያስፈልጋል። ዝቅተኞቹ ፒኮች እርስ በርስ መቀላቀል ከጀመሩ ማሽኑ ደካማ ምልክት ማየት እያቃተው ነው። ለኮምፐንሴሽን፣ ማለትም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ዲቴክተር የሚፈሰውን ብርሃን ለመቀነስ፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚይዝ ቢድ ትገዛላችሁ፤ ሬይንቦውን ለዚህ አትጠቀሙበት፣ ውስጡ ያለው የቀለም ድብልቅ እናንተ ሴሉን ከምትቀቡበት ፍሎሮክሮም (የሚያበራ ቀለም) ጋር አይገናኝም። የድምቀቱን መጠን በፍሎሮክሮም ቁጥር ለመግለጽ የሚሸጡም አሉ፤ ባንግስ ላቦራቶሪስ በእነሱ ይታወቃል። የመጨረሻው ዓይነት የጠብታ መዘግየትን የሚያስተካክለው ነው። የእኔ ጣጣ ከእሱ ጋር ነበር።

ሌላው ቀላል ነበር። የማሽኑን ሌዘሮችና ፊልተሮች ዘረዘርኩ። ከአምራቾቹ ሰነድ ላይ የሚስማማኝን መረጥኩ። ፕሮፎርማ እንዲሰበሰብ ጥያቄ አስገባሁ።

ጣጣው እንዲገባችሁ ይህ መዘግየት ምን እንደሆነ ልናገር። ሶርተር ሴሉን የሚያየው ሌዘሩ ጋ ነው፤ የሚለየው ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የፈሳሹ ጅረት ወደ ጠብታ በሚሰበርበት ቦታ ነው። ማክ ፉልዋይለር እ.ኤ.አ. በ1965 ሎስ አላሞስ ውስጥ ይፋ ባደረገው ሶርተር ላይ የተጠቀመው ሪቻርድ ስዊት ለቀለም ማተሚያ ያወጣውን ዘዴ ነበር። ጅረቱ በንዝረት ወደ እኩል ጠብታዎች ይሰበራል፣ የተፈለገው ጠብታ በኤሌክትሪክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ከዚያ በሁለት ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰሌዳዎች መካከል ሲያልፍ ወደ ጎን ይሳባል። ዛሬም አሠራሩ ይኸው ነው። ማሽኑ ቻርጁን የሚሰጠው ሴሉን የያዘው ጠብታ ከጅረቱ ሊለይ ባለበት ቅጽበት መሆን አለበት። በ100 ማይክሮሜትር ኖዝል (ጅረቱ የሚወጣበት ቀዳዳ) በሰከንድ 30 ሺህ ገደማ ጠብታ ይፈጠራል፤ በ70ው ወደ 90 ሺህ ይጠጋል። አንድ ጠብታ በመጀመሪያው 33፣ በሁለተኛው 11 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። በአንድ ጠብታ ብትስቱ ቻርጁ የሚያርፈው ከፊት ወይም ከኋላ ባለው ላይ ነው። ስክሪኑ ግን የተለዩ ሴሎችን መቁጠሩን አያቆምም። ቱቦው ውስጥ የገባው ባዶ ፈሳሽ መሆኑን የምታውቁት ናሙናው ካለቀ በኋላ ነው።

የምሠራበት ማሽን ይህንን የሚያስተካክለው በካሜራ ነው። ከሰሌዳዎቹ በታች አንድ ትንሽ ቀይ ሌዘር ጅረቶቹ ላይ ያበራል። ካሜራው ፊት ያለው ፊልተር የሌዘሩን ብርሃን ከልክሎ የቢዱን ቀይ ፍሎረሰንስ ብቻ ያሳልፋል። ቢዱን ወደ ጎን እየለያችሁ የመዘግየቱን ቁጥር ትለዋውጣላችሁ፤ ከ95 በመቶ በላይ የሆነው ብርሃን ከመሃለኛው ጅረት ወደ ጎነኛው ሲዞር ትክክለኛውን ቁጥር አገኛችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ቢዱ ሁለት ቦታ መብራት አለበት፤ አንዴ ከላይ ዲቴክተሩ ጋ፣ አንዴ ከታች በቀዩ ሌዘር።

የጻፍኩት ዝርዝር ይህንን በግልጽ ይላል፦ በ488ም (ሰማያዊው ሌዘር) በ640 ናኖሜትርም (ቀዩ ሌዘር) የሚነሳሳ፣ ለጠብታ መዘግየት የሚሆን። ግዢ ክፍሉ ግን ዝርዝሩን አሳጠረው። ዝርዝር ሲበዛ ውድድሩን ይገድባል ተባለ። ለአቅራቢዎች በተላከው ወረቀት ላይ የቀረው ፍሎረሰንት ቢድ፣ 6 ማይክሮሜትር፣ ወይም ተመጣጣኝ የሚል ብቻ ነበር። ሌዘሩ ጠፍቷል፤ አገልግሎቱም ጠፍቷል። ማንም ደውሎ ይህን መስመር ብናወጣው ምን ይጎድላል ብሎ አልጠየቀኝም።

የመጣው ጠርሙስ አረንጓዴ ቀለም ያለው ቢድ ነበር። መጠኑ ልክ ነው። በ488 ሌዘር ሲያልፍ ፒኩ ጠባብና ደማቅ ነው፤ ጥሩ ቢድ ነው፣ አልበድለውም። ካሜራው ላይ ግን ጨለማ ነው። ጎነኛው ጅረት ላይ ምንም የለም፣ መሃለኛውም ላይ ምንም የለም። በዚህ ጊዜ ሁሉም ጣት ወደ ማሽኑ ዞረ። ባለሙያ ተጠራ፤ ቀዩ ሌዘር ተለካ፤ ካሜራው ተፈተሸ፤ ፊልተሩ ወጥቶ ተጠርጎ ተመለሰ። ሁሉም ደህና ነው። ቢዱ ቀይ ሌዘሩን ስለማይቀበል ነው ብዬ ከመጀመሪያው የተናገርኩት የሚሰማ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ጊዜ ሄደ።

ቀለሙ የሚነሳሳው 480 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የሚያበራው 520 አካባቢ። 640 ላይ የሚቀበለው ነገር የለውም፤ ከሚያበራው የረዘመ ሞገድ ሰጥቶ አረንጓዴ ብርሃን መጠበቅ አይቻልም። ከአምራቹ የወጣውን ስፔክትረም አትሜ አያያዝኩ። አቅራቢው የመለሰው ቢዱ እንደሚያበራ፣ የራሳችን ዲቴክተርም እንዳየው ነው። ርክክብ የፈረሙት ሰዎች ደግሞ ቢዱ ለመበላሸቱ ማስረጃ አምጣ አሉኝ። አልተበላሸም! ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። የመመለሻ ቅጹ ላይ የተሰበረ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ የጎደለ የሚሉ ምርጫዎች አሉ፤ ለሥራው የማይሆን የሚል ግን የለም። የትኛውንም ምልክት ባደርግ ውሸት ይሆናል። ይህ ነው እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ፤ ሳይንሱ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ጉዳይ በወረቀት ተቆልፎ ቀረ።

ሥራው ግን አይጠብቅም። ካሜራ ያላቸው ሶርተሮች ከመምጣታቸው በፊት ሰዎች እንዴት ይሠሩ ነበር ብዬ ወደ አሮጌው ዘዴ ሄድኩ። በቱቦው ምትክ የማይክሮስኮፕ ስላይድ ታደርጋላችሁ። ማሽኑን በየነጥቡ 50 ቢድ እንዲለይ ታዙታላችሁ፤ ከነጥብ ነጥብ መዘግየቱን በጠብታ ክፍልፋይ ትጨምራላችሁ፤ እኔ ሩብ ጠብታ ነው የተጠቀምኩት። ከዚያ ስላይዱን ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋችሁ በየነጥቡ ስንት ቢድ እንደወረደ ትቆጥራላችሁ። የተሳሳተው መዘግየት ላይ ነጥቡ ባዶ ነው ወይም ጥቂት አለው፤ ወደ ትክክለኛው ስትቀርቡ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ስታልፉት ይወርዳል። 50 ካዘዛችሁ 50 ወይም ለዚያ በጣም የቀረበ ቁጥር የሰጣችሁ ነው መልሱ። ለዚህ ቀይ ሌዘር አያስፈልግም። ያ ካሜራው ያላየው አረንጓዴ ቢድ ለዚህ እንከን አልነበረውም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ስላይዱ ሳይደርቅ ቁጠሩ፤ የሺዝ ፈሳሹ (ናሙናውን ከብቦ የሚወስደው ፈሳሽ) ጨው ሲደርቅ ክሪስታል ይሠራና ቢዶቹን ይሸፍናል። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጉ፤ ሁለት ቢድ በአንድ ጠብታ ከገባ ማሽኑ ይጥላቸዋል ወይም ቆጠራችሁ ይዛባል።

በዚህ እኮራለሁ፤ ሶርተሩን ወደ ሥራ የመለሰው ይህ ቆጠራ ነው። ትክክለኛው ቢድ ከመጣ በኋላም አልተውኩትም። መመሪያው ካሜራው በቂ ነው ይላል፤ እኔ አልስማማም። ካሜራው የሚነግራችሁ ብርሃኑ በጅረቶቹ መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። ጠብታው ያሰባችሁት ቦታ ላይ ማረፉን አይነግራችሁም፤ ጅረቱ የቱቦውን ከንፈር እየመታ ቢሆንም ካሜራው ደስ የሚል ቁጥር ያሳያል። አንድ አንድ ሴል ወደ ፕሌት (ባለ ብዙ ጉድጓድ ሰሃን) የምትለዩ ከሆነ፣ ወይም ሴላችሁ በጣም ጥቂት ከሆነ፣ ከካሜራው በኋላ ስላይድ ላይ ቁጠሩ።

ሁለተኛውን ግዢ እንዴት እንዳደረግሁት ልንገራችሁ። ቀለም የሚል ቃል ከወረቀቱ ላይ አወጣሁ። የቀለም ስም አምራች ከአምራች አይስማማም። የፖሊሳይንስስ ፍሎረስብራይት ዋይ ጂ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ የሚነሳሳው 441 ላይ፣ የሚያበራው 486 ላይ። ፍሉኦስፊርስ የተባለው ሌላ የቢድ ምርትም ቢጫ አረንጓዴ የሚባል አለው፤ እሱ 505 እና 515 ነው። ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ለየቅል። በቀለም ፈንታ የሌዘሩን ሞገድ፣ የዲቴክተሩን ፊልተር እንደ 530/30 (መሃሉ 530፣ ስፋቱ 30 ናኖሜትር) አድርጌ፣ ዲያሜትሩን፣ አገልግሎቱን ጻፍኩ። ተመጣጣኝ ለሚለው ቃል ፍቺ ሰጠሁት፤ ተመጣጣኝ ማለት በ640 ናኖሜትር ተነሳስቶ በቀይ የሚያበራ፣ ስፔክትረሙ ከፕሮፎርማው ጋር የተያያዘ ማለት ነው ብዬ። ይህን መስመር ማንም ማሳጠር አልቻለም፤ ውድድርን አይገድብም፣ ማንም አምራች ሊያሟላው ይችላል። በርክክብ ቀን እኔ ራሴ ካልፈተሽኩ ፊርማ እንዳይደረግም በጽሑፍ ጠየቅሁ። እናንተም ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ከፊርማው በኋላ የምትከራከሩት ከወረቀት ጋር ነው።

የማጓጓዣውንም ጻፉ። ቢድ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በረዶ መሆን የለበትም። በረዶ ከሆነ ይጣበቃል፤ የተጣበቀው ክምችት ፒኩን ያበላሻል፣ ሲብስ ኖዝል ይዘጋል። ለሴልና ለኢንዛይም ደረቅ በረዶ የለመደ አጓጓዥ ለዚህም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል፤ አይሁን በሉት። ሲደርስ በቮርቴክስ (በፍጥነት በሚነቀንቅ መሣሪያ) በጥብጣችሁ አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ላይ እዩ፤ በብዛት ጥንድና ክምር ካያችሁ አትቀበሉ።

አምራቾች ከእኛ ውጭ አትጠቀሙ ማለታቸውን በከፊል እቀበላለሁ። የማሽኑ ሶፍትዌር ራሱ ለሚያነበው ቢድ ልክ ናቸው። ለምሳሌ የቢዲ ኩባንያ የማሽን መፈተሻ የሆነው ሲ ኤስ ኤንድ ቲ ደማቅና መካከለኛ ባለ 3 ማይክሮሜትር፣ ደብዛዛ ባለ 2 ማይክሮሜትር ቢድ ይዞ ይመጣል፤ ሶፍትዌሩም ለዚያ ሎት (የምርት ዙር) የተዘጋጀውን ፋይል ይፈልጋል። እዚያ ላይ ሌላ ማስገባት ራስን ማታለል ነው። ለዕለት ፍተሻና ለስላይድ ቆጠራ ግን የሌላ አምራች ቢድ ምንም አይጎድለውም። ጊዜው ያለፈበትንም ጣሉ የሚለውን አልከተልም፤ ለመለኪያ አልጠቀምበትም፣ ለአዲስ ሠራተኛ ማሠልጠኛ ግን ከእሱ የተሻለ የለም።

መጠኑ በሚታወቅ ቢድ የሴል መጠን አትገምቱ፤ ማሽኑ የሚያየው የተበተነውን ብርሃን እንጂ መጠኑን ብቻ አይደለም። የፖሊስታይሪን የብርሃን ስብራት መጠን 1.59 አካባቢ ነው፤ የሴል ከ1.36 እስከ 1.40 ገደማ። ስክሪኑ ላይ 6 ማይክሮሜትር ቢድ ያረፈበት ቦታ ላይ 6 ማይክሮሜትር ሴል አያርፍም።

አሁን አዲስ ሎት የማዘው ጠርሙሱ ውስጥ ሲሶ ሲቀር ነው፤ አሮጌውና አዲሱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቮልቴጅ ጎን ለጎን እንዲያልፉ። የሁለቱን ሚዲያን (የድምቀታቸውን መካከለኛ ዋጋ) ልዩነት ከሎት ቁጥሮቹ ጋር መዝገቡ ላይ አሰፍራለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣው ለውጥ ከቢዱ ይሁን ከሌዘሩ የሚለየው በዚያ ቁጥር ነው።