ቅርጫ በወረርሽኝ ጊዜ፦ በሬው ይታረድ፣ ሰዉ ግን አይከበብ

የ2012 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ከተገኘ አርባ ቀን እንኳ አልሞላም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተከትሎ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከልክሎ ስለነበር ብዙ ምእመናን ቅዳሴውን በየቤታቸው በቴሌቪዥን ተከታተሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲዘጋ የሚቀረው ትልቁ መሰባሰቢያ የሰፈር ቅርጫ ነው።

ቅርጫ መቅረት የለበትም ባይ ነኝ። ከሉካንዳ በኪሎ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤት የበዓል ሥጋ የሚያየው በቅርጫ ነው። ቅርጫው ከቀረ ደግሞ ሰው ገበያ ወርዶ ይጋፋል፣ ይህ የባሰ ነው። መለወጥ ያለበት አከፋፈሉ ነው።

እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በዋናነት የሚጋባው በትንፋሽ ስለሆነ የሚያሰጋው ሥጋው ሳይሆን ቆዳው ዙሪያ የሚቆመው ሰው ነው። አሥራ ሁለት አባወራ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ «ሻኛው እዚህ አነሰ፣ ጉበቱ እዚያ በዛ» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆማል። የሚቆመውም መደቡ፣ ማለትም የሥጋ ድርሻው፣ እንዳይዛነፍበት ሰግቶ ነው። «አትሰብሰቡ» ማለት ብቻ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ አስቀድሞ መፈታት ያለበት ጥርጣሬው ነው።

ገንዘቡ በባንክ ወይም በስልክ አስቀድሞ ይግባ። ግቢው ውስጥ አራት ሰው ብቻ ይግባ፦ አራጁ፣ ረዳቱና ሁለት ከፋዮች፤ አራቱም አፍና አፍንጫቸውን በማስክ ይሸፍኑ። ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ታላቁ፣ ፍሪምባው፣ ጎድኑ፣ ጨጓራው እንደ ወትሮው ከእያንዳንዱ ለየመደቡ ይቆረጥ፣ በሚዛንም ይታይ። መደቦቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ፎቷቸው በቴሌግራም ለአባላቱ ይላክ። ዕጣው የሚወጣው ድልደላው ካለቀ በኋላ ነው፣ ያውም አባላቱ በስልክ እየሰሙ። ከፋዮቹ የትኛው መደብ እንደሚደርሳቸው ስለማያውቁ የሚያዳሉበት ምክንያት አይኖራቸውም።

ከዚያ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው፣ የራሱን ንጹሕ ዕቃ ይዞ፣ በአሥር አሥር ደቂቃ ልዩነት ይምጣ። ለ12 ቤት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በሬው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ታርዶ ድልደላው 3 ሰዓት ካለቀ፣ 5 ሰዓት ላይ የመጨረሻው ሰው ወስዷል። እርዱ ከዘገየ ግን ሥጋው ፀሐይና ዝንብ ላይ ይቆያል፤ ያኔ ሁሉም «ሳይበላሽ ልውሰድ» ብሎ አንድ ላይ ይመጣል፣ ተራውም ይፈርሳል። ወረፋ ከተያዘ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቆ፣ ከአጥር ውጭ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻ ላይ ነው። ሥጋው በሥርዓት ተከፋፍሎ ሲያበቃ «እስቲ ትንሽ እንቅመስ» ይባልና ማስክ ወልቆ፣ አንድ ትሪ ተከቦ፣ አንድ መለኪያ ይዞራል። ለዱለት የሚሆነውም በየመደቡ ገብቶ ወደየቤቱ ይሂድ። አረቄው እጅ ያጸዳል የሚባለውም አያዋጣም፤ ለእጅ የሚሆን አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፣ ካቲካላ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው።

እጅ በሳሙና 20 ሴኮንድ ይታጠብ። አንድ ሰው ግማሽ ሊትር ቢፈጅ፣ ቧንቧ የተገጠመለት የ20 ሊትር ጀሪካን ለ40 ሰው ይበቃል። ደም የነካው ወለልና ጠረጴዛ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ደም የበረኪናን ኃይል ይገድለዋልና። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፍሰስበት። ብጥብጡ ከአንድ ቀን በላይ አይቀመጥ፣ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋርም አይቀላቀል፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። በረኪናው ሥጋው ላይ በፍጹም አይፍሰስ።

ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ይህ ከቅርጫው አያንስም። በረንዳ ላይ ይፈላ። የዕጣን ጭስ ቫይረስ አይገድልም፣ ይልቁንም ሰው ያስላል። ሲኒ በአንድ ሳህን ውሃ ውስጥ እያለቀለቁ መልሶ መቅዳትም ይቅር፤ እያንዳንዱ ሰው እስከ በረካ የራሱን ሲኒ ይያዝ። ጉርሻ ለአንድ ቤት ሰዎች ብቻ። ለአዛውንቶች ዶሮው በምሳ ዕቃ ተልኮ ደጃፍ ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ተደውሎ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ «እንኳን አደረሳችሁ» ይባል። ድምፅ መስማታቸው ከዶሮ ወጡ እኩል ነውና ጥላችሁ አትሂዱ።

የአባላቱ ስም፣ ስልክና ሥጋ የወሰዱበት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ለ14 ቀን አይጣል። ከመካከላቸው አንዱ ትኩሳት ወይም ሳል ከጀመረው፣ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ለነበሩት በዚያው ቀን ይደወልላቸዋል።