የክኒኑ ልጣጭ የማን ነው?

የቡድን መሪያችን ከአውቶቡሱ ወንበር ሥር ባዶ የትራማዶል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ክኒን) ልጣጭ አገኘ። ፒያሳ ማኪያቶ ጋበዘኝና በሶፍት የጠቀለለውን ጠረጴዛው ላይ ፈታው።

"የማን እንደሆነ ታውቃለህ። ንገረኝ።"

አውቅ ነበር። የክለብ ወጌሻ ነኝ፤ ሐኪም ባልሆንም ልጆቹ "ዶክተር" ነው የሚሉኝ። ከዚያ በፊት የአንዱን ተጫዋች ጉልበት ሳሽ፣ በዚያ የጎንደር የማለዳ ብርድ ላቡ ይንቆረቆራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። "ምን ሆነሃል?" ስለው ተነስቶ በሩን ዘጋ። "ዶክተር፣ በአርባ አራቱ ታቦት፣ ለማንም እንዳትናገርብኝ።" ለጉልበቱ ብሎ ያለ ማዘዣ የጀመረው ክኒን ሱስ ሆኖበታል። በራሱ ሊያቆም ሞክሮ ነው እንዲያ የሆነው።

ወሰኑን እዚያው ነገርኩት። "ስምህን አላወጣም። እየዋጥኩ ልሰለፍ ካልክ ግን እኔ የለሁበትም።" ትራማዶል እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። የውድድር ጊዜ የሚባለው ደግሞ ከጨዋታው ዋዜማ ምሽት 5:59 ይጀምራል። ቀድሞ የተዋጠም ቢሆን በጨዋታው ቀን ሽንት ውስጥ ከተገኘ ያስጠይቃል። ማዘዣ ብቻውን አያድንም፤ ለሕክምና ተብሎ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ፣ እሱ ያስፈልጋል።

ጣጣው ሕክምናው ላይ ነበር። ይህ መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይተውም፤ በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ወደ አእምሮ ሐኪም ወሰድኩት። ኮፍያ ደፍቶ፣ ማስክ አጥልቆ ወረፋ ያዘ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ስሙን ከነአያቱ ጮክ ብላ ጠራችው! ተሰላፊው ሁሉ ዞረ። አንዱማ ያመጣውን ሕመም ረስቶ "ወንድሜ፣ አንድ ፎቶ?" አለው። ጎንደር ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ሐኪሙን ለመንኩትና ከሥራ ሰዓት በኋላ ያየው ጀመር።

ለአሰልጣኙ "ጉልበቱ ረጅም እረፍት ይፈልጋል፣ እኔ ሳልፈቅድ አይሰለፍም" አልኩት። ውሸት የለበትም፤ ጉልበቱ እውነትም አልዳነም። ከዚያ በላይ ማወቅ ለሥራው አያስፈልገውም።

ቡድን መሪው ግን ሻንጣ ሁሉ ይፈተሽ፣ ልጆቹ በስብሰባ ፊት ይማሉ ባይ ነው።

"ጋሼ፣ ሻንጣ ከፈተሹ ከነገ ጀምሮ አንድም ልጅ በሬን አያንኳኳም" አልኩት። "ያኔ የሚዋጠውን እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ። የሚነግረን የአበረታች መድኃኒት መርማሪው ነው።"

ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ሂሳቡን እኔ እንድከፍል ትቶኝ ሄደ።

ልጁ ያንን የውድድር ዓመት አልተጫወተም። ማገገሙም ወጣ ገባ ነበር፤ አንዴ መልሶ ጀምሮ ራሱ ደውሎ ነግሮኛል። አሁን ልምምድ ላይ ነው። ቡድን መሪው እስከ ዛሬ ሦስት ልጆችን ይጠረጥራል፤ ሦስቱም አይደሉም።