ከጣቴ ሥር የነበረው ሊድ ሦስት

በምሥራቅ ጎጃም ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የድንገተኛ ክፍል ተረኛ በነበርሁበት የሐምሌ ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ላይ ከጮቄ ተራራ ሥር አንድ ሽማግሌ በቃሬዛ ተይዘው መጡ። በዝናብ የራሰውን ጋቢያቸውን ቀይረን ካደረቅናቸው በኋላም ግንባራቸው ማላቡን አልተወም። ምን እንደሚሰማቸው ስጠይቃቸው መዳፋቸውን ከእንብርታቸው ከፍ አድርገው አሳርፈው «ልቤ ሥር ያቃጥለኛል፣ ያቅለሸልሸኛል» አሉኝ። በእኛ አገር «ልቤን» የሚል በሽተኛ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ጨጓራውን ስለሆነ፣ እኔም በልቤ ጨጓራ ብዬ ጨርሼ ነበር፤ የልብን የኤሌክትሪክ ሞገድ በወረቀት ላይ የሚስለውን ኢሲጂ ያዘዝሁት ዕድሜያቸውን አይቼ ለወጉ ያህል ነው።

ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ግን ደነገጥሁ። ሊድ አንድና ሊድ ሁለት በሚባሉት፣ ልብን ከተለያየ አቅጣጫ በሚያዩ መስመሮች ላይ ሰፋፊ ሞገዶች በየትልቁ ካሬ አንድ እየሆኑ ይሮጣሉ፤ ይህም በደቂቃ 300 ገደማ ማለት ነው። «ቪቲ ነው! ዲፊብሪሌተሩን አምጡ!» ብዬ ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስተካክለውን መሣሪያ ለማስመጣት ጮህሁ። በዚያው ሳምንት ኢንተርኖቹን፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪሞቹን፣ ስለ ቪቲ (ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ)፣ የልብ የታችኛ ክፍሎች ያለልክ ስለሚፈጥኑበት አደገኛ ሕመም፣ አስተምሬ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ድንጋጤዬ ውስጥ ትንሽ ደስታም አልጠፋም።

ከእኔ በፊት ብዙ ተረኛ ሐኪሞችን ያሳለፈችው ሲስተር የሽማግሌውን ግራ እጅ አንጓ ይዛ ሰዓቷን እያየች ነበር።

«ዶክተር፣ እኔ የያዝሁት 52 ነው።»

«ወረቀቱ 300 እያለ?»

«ወረቀቱን ተወውና ቀኝ እጃቸውን እይ።»

አየሁ። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው እሸት የሚያሹ ይመስል ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣሉ። ልጃቸው «እሱማ ቆየባቸው እኮ» አለ። ሊድ አንድም ሊድ ሁለትም የቀኝ እጅን ሽቦ ስለሚጋሩ መንቀጥቀጡን የልብ ሞገድ አስመስለው ስለውታል፤ ሊድ ሦስት ግን በግራ እጅና በግራ እግር መካከል ስለሚለካ የቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ አይደርስበትም። እውነትም ሊድ ሦስት ላይ ኪውአርኤሶቹ፣ ማለትም የልብ ምቶቹ ሹል ሞገዶች፣ ስድስት ትልልቅ ካሬ ያህል እየተራራቁ ተሰልፈዋል። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከኀፍረቴ ለመውጣት ኢንተርኑን ጠርቼ፣ ሊድ ሦስትን በጣቴ እያመለከትሁ፣ እውነተኛ ቪቲ ከእጅ መንቀጥቀጥ እንዴት እንደሚለይ ረዘም አድርጌ አስረዳሁት፤ ከዚያም ለጨጓራ የሚሰጡትን ኦሜፕራዞልና ፈሳሹን አንታሲድ አዝዤ ጋደም ለማለት ሄድሁ።

ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ያው ኢንተርን ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ዶክተር፣ ቅድም ያሳየኸኝ ሊድ ሦስት…»

«ምን ሆነ?»

«ኤስቲው ከፍ አላለም?»

ከሹሉ ሞገድ ቀጥሎ የሚመጣው የኤስቲ መስመር ሦስት ትንንሽ ካሬ ያህል ከፍ ብሏል። ያመለከትሁት እዚያው ቦታ ላይ ስለነበር ከጣቴ ሥር ነበረ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ከዚያ መስመር የፈለግሁት ቪቲ አለመሆኑን ብቻ ስለሆነ፣ ቅድም ካሬዎቹን ብቻ ቆጥሬ ተነሥቼ ነበር። ሲስተር ቀኝ እጃቸውን በዝግታ ከፍራሹ ጋር ይዛልን ኢሲጂው ሲደገም፣ ልብን ከታች የሚያዩት ሊድ ሁለትና ኤቪኤፍም እንደዚያው ከፍ ብለው፣ ከላይ በግራ በኩል የሚያየው ኤቪኤል ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ተገኘ። የልባቸው የታችኛው ግድግዳ ደም አጥቷል። ጨጓራ የመሰለኝ ማቅለሽለሽም፣ ሁላችንን ያሳቀን ቀርፋፋው 52ም የዚሁ በሽታ ወግ ነበሩ። 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን አስኘክናቸው፤ የቀኙ የልብ ክፍል ተነክቶ ከሆነ የደም ሥር የሚያሰፋው ናይትሬት የደም ግፊታቸውን ሊጥለው ስለሚችል፣ የቀኙን ክፍል የሚያሳየውን ሊድ፣ ቪ4አርን፣ በቀኝ ደረታቸው ላይ ሳናነሣ እንዳይሰጣቸው ከለከልሁ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት እኛ ዘንድ ስላልነበረ ሳይነጋ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ላክናቸው። መድኃኒቱ ከሌለ መዘግየቴ ምን ለወጠ እያልሁ ራሴን አጽናንቻለሁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ግን የባሕር ዳርን መንገድ እኩሌታ ያህል ያስኬድ ነበር።

በጠዋቱ ስብሰባ የክፍሉ ኃላፊ የመጀመሪያውን ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ «ዲፊብሪሌተር ያስጠራ እጅ» እያለ አሳቀብኝ። ኢሲጂ በማንበብ የሚታወቅ ሰው ነው። የልባቸውን ደም ማጣት ምልክት ሁለተኛው ወረቀት ላይ ብቻ የታየ አድርጎ ሲተርክ፣ ከፍ ያለው ሊድ ሦስት በገዛ እጁ በያዘው ወረቀት ላይ ነበር፤ እኔም አላረምሁትም፤ ኢንተርኑ አየኝና አቀረቀረ።

ሽማግሌው በጥቅምት ለክትትል ከልጃቸው ጋር በእግራቸው መጡ። አስፕሪኑን እየወሰዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው «እሱንስ እውጣለሁ፤ ያዳነችኝ ግን ያን ሌሊት የሰጠኸኝ ነጯ ፈሳሽ ናት ልጄ፤ ካለችህ ጨምርልኝ» አሉኝ። አይደለም ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሆኖም ኢንተርኑ እስኪመጣ ድረስ ከእኔ ያገኙት እርሷንና ኦሜፕራዞሉን ብቻ ስለነበረ፣ ጻፍሁላቸው።