«በስንት ገዛ?»
ባለፈው ዓመት የፍሬድሪክ ዳግላስን አጭር የሕይወት ታሪክ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነበር። ዳግላስ ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1838 ያመለጠ፣ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ባርነትን በአንደበቱና በብዕሩ የታገለ ሰው ነው። መሃል ላይ «ቴምፐራንስ» የሚል ቃል መጣ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ራስን መግዛት» ይላል። ከልጅነቴ የማውቀው፣ የምወደው ቃል ነው። «ዳግላስ አየርላንድ ሳለ ራሱን ለመግዛት ቃል ገባ» ብዬ ጽፌ አለፍኩ።

ረቂቁን ያነበቡልኝ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ያቺ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ተከብባለች። ጠርዙ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «በስንት ገዛ?»

አልገባኝም። ቤታቸው ሄድኩ።

«ባሪያ ነበር አላልሽም እንዴ ልጄ? ታዲያ ለጌታው ስንት ከፍሎ ነው ራሱን የገዛው?»

ክው አልኩ። በዚያ ዘመን ገንዘብ አጠራቅመው ራሳቸውን ከጌታቸው የገዙ ሰዎች በእርግጥ ነበሩ። የእኛ «ገዛ» ደግሞ በግ ለገዛውም አገር ለገዛውም ያው ነው። እኔ የጻፍኩት ግን ስለ መጠጥ ነበር። ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1845 ኮርክ ከተማ ውስጥ በአባ ቲዮባልድ ማቲው ፊት መጠጥ ላለመቅመስ ቃል ገብቷል። ማቲው አየርላንዳውያንን ከመጠጥ ለማላቀቅ የተነሱ ካህን ናቸው።

ቃሉን ከሥሩ ልፈልገው ተነሳሁ። የላቲኑ «ቴምፐራሬ» በልክ ማደባለቅ ማለት ነው። ሮማውያን ወይንን በውኃ ሲያቀጥኑም ይሉት ነበር። የሙቀት ልክ የሆነው «ቴምፐሬቸር» የመጣው ከዚሁ ነው። «ቴምፐር»ም እንዲሁ። ድሮ የመንፈስ ሚዛን ማለት ነበር፤ ሰው ሲቆጣ «ቴምፐሩን ጣለ» ይባላል። እኛ ሚዛኑን ሳተ እንደምንለው ነው። ውሎ አድሮ ግን ቃሉ ራሱ የቁጣ ስም ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1826 ቦስተን ውስጥ የአሜሪካ የቴምፐራንስ ማኅበር ሲቋቋም ዒላማው እንደ አረቄ ያለው ጠንካራ መጠጥ ነበር። ወይንና ቢራ በልክ ከሆነ ግድ የለም ይባል ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ምንም አለመቅመስ ማለት ሆነ። ወይን ለማደባለቅ ያገለግል የነበረ ቃል ወይን ለመድፋት ዋለ። እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ነው።

ታዲያ «ራስን መግዛት» ከየት መጣ? ገላትያ 5ን አወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቴምፐራንስ» ያለውን የእኛው «ራስን መግዛት» ይለዋል። የግሪኩ ቃል «ኤንክራቴያ» ነው፤ ሥሩ ኃይል፣ ሥልጣን ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ቃል ለግሪኩ የቀረበ ነው። በላቲኑ ሰውየው ቀማሚ ነው፤ በእኛና በግሪኩ ገዢ። የላቲኑን ሥዕል ደግሞ 1ኛ ጴጥሮስ ላይ አገኘሁት፦ «በመጠን ኑሩ»። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ስፈልገው የሰነበትኩት ቃል በየቤታችን ሲነበብ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ አንድን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ለመዝጋት አልቸኩልም። ስለ ጠባይ ሲያወራ «መጠንን ማወቅ» አልኩ፤ ስለ ማኅበሩ ሲያወራ «ከመጠጥ መታቀብ»። «ራስን መግዛት»ን ለአንድ ቦታ ብቻ አስቀረሁት። ዳግላስ በመጽሐፉ እንደሚተርከው ጌቶች በገና ሰሞን ባሮቻቸውን ሆን ብለው በውስኪ ያሰክሩ ነበር፤ ነፃነት ማለት ይሄው ነው ብለው እንዲጠሉት። እዚያ ጋ ገዢነት ያለበት ቃል ያስፈልጋል።

የታረመውን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «ዳግላስ ከመጠጥ ሊታቀብ ቃል ገባ።» ቀዩ እስክሪብቶ አልተነሳም። ገጹን ገለጡ። «እ.ኤ.አ. በ1846 እንግሊዛውያን ወዳጆቹ ነፃነቱን ገዙለት» ይላል። ቀና ብለው አዩኝ።

«በስንት?»

«በ150 ፓውንድ ጋሼ።»

«ጻፊዋ እንግዲህ» አሉኝ።