ምንጩ መመለሱን የሚናገረው መለኪያው ብቻ ነው

በቧንቧ ብየዳ ላይ የጋማ ራዲዮግራፊ (ከጨረር ምንጭ በሚወጣ ጋማ ጨረር የብየዳውን ውስጥ ፎቶ ማንሳት) ሲሠራ ክርክሩ ሁሉ ሰው እንዳይቀርብ የሚከልለው ገመድ የት ይዘርጋ በሚለው ላይ ነው። እሱ በስሌት ይፈታል። ኃይሉ 50 ኪዩሪ (1.85 ቴራቤክሬል) የሆነ የኢሪዲየም-192 ምንጭ ያለ መከለያ በ1 ሜትር ርቀት በሰዓት 240 ሚሊሲቨርት ገደማ የጨረር መጠን ይሰጣል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በ10 ሜትር 2.4 ሚሊሲቨርት፣ በ100 ሜትር 24 ማይክሮሲቨርት። በብዙ ቦታ ገመድ የሚታሰርበትን 7.5 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ለማግኘት 180 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ፋብሪካ ግቢ ውስጥ 180 ሜትር ባዶ ቦታ ማን ይሰጣል?

ለዚህ ነው ኮሊሜተር፣ ማለትም ጨረሩን በአንድ አፍ ብቻ የሚያስወጣ መከለያ፣ የሚታሰረው። ለኢሪዲየም ጨረር 3.3 ሚሊሜትር ያህል ተንግስተን ግማሹን ያስቀራል። 13 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለው ኮሊሜተር በጎኑና በጀርባው ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ያወርደዋል፣ ገመዱም ወደ 45 ሜትር ይጠጋል። አፉ በሚያይበት በኩል ግን የቀነሰ ነገር የለም፤ ከተቻለ ወደ መሬት ይዙር። ደግሞ ስሌቱ ከቧንቧውና ከአፈሩ ተበትኖ የሚመጣውን ጨረር አያውቅም። በመጀመሪያው ተኩስ (ምንጩ ወጥቶ ፎቶው በሚነሳበት ጊዜ) ገመዱ ላይ ለክቶ ካስፈለገ ገመዱን ማራቅ ነው እንጂ ወረቀቱን አምኖ መቀመጥ አያዋጣም። የምንጩ ኃይል በ74 ቀን በግማሽ ስለሚወርድ ያለፈው ወር ስሌት ለዛሬ አይሠራም፤ የተኩሱ ጊዜም በዚያው ልክ ይረዝማል።

ሰው የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ጋ አይደለም፤ ምንጩ ገብቷል ተብሎ ወደ ካሜራው (ምንጩ ወደሚቀመጥበት የተከለለ ሳጥን) ሲኬድ ነው።

ጠዋት ሥራ ሳይጀመር የጨረር መለኪያው ባትሪና የካሊብሬሽን (የትክክለኛነት ፍተሻ) ቀን ይታያል፣ ከዚያ መለኪያውን ካሜራው ገጽ ላይ አስጠግቶ ንባቡን መመዝገብ ነው። መከለያው ዩራኒየም ቢሆንም ትንሽ ያስወጣል፤ ለተንቀሳቃሽ ካሜራ የተፈቀደው ጣሪያ ገጹ ላይ 2 ሚሊሲቨርት፣ 1 ሜትር ላይ 0.02 ሚሊሲቨርት በሰዓት ነው። ካሜራው ውስጥ ምንጭ እያለ መለኪያው ዜሮ ካለ የተበላሸው መለኪያው ነው። የጠዋቷ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ማወዳደሪያ ትሆናለች።

ምንጩን በኬብል በመምሪያ ቱቦ ውስጥ ከካሜራው የሚያስወጣውና የሚመልሰው እጀታ ሲዞር ዓይን ከመለኪያው መርፌ አይነሳም። ምንጩ ከካሜራው ሲወጣ መርፌው ይዘላል፣ ኮሊሜተሩ ውስጥ ሲገባ ይወርዳል። ሲመለስም እንዲሁ፦ ከኮሊሜተሩ ሲወጣ ይዘላል፣ ካሜራው ውስጥ ሲገባ ቁልቁል ይወድቃል። ሲመለስ ያ ዝላይ ካልታየ ምንጩ ከቦታው አልተነሳም ማለት ነው። እጀታው ግን ያለምንም ችግር ይዞራል፤ የምንጩ ማያያዣ ከኬብሉ ከተላቀቀ ኬብሉ ባዶውን ይመለሳል፣ እጅም ልዩነቱን አይለየውም። የተላቀቀው ጠዋት ሲገጠም በደንብ ስላልተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ከባድ ነገር ወድቆበት የተጨፈለቀ ወይም በጠባቡ የታጠፈ መምሪያ ቱቦም ምንጩን ቀርቅሮ ያስቀራል።

ከተመለሰ በኋላ መለኪያውን ወደ ፊት ዘርግቶ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥሎ ካሜራውን ዙሪያውን መለካት ነው። በሰዓት እስከ 10 ሚሊሲቨርት የማያነብ መለኪያ ለዚህ ሥራ አይያዝ። አንዳንድ የቆዩ የጋይገር መለኪያዎች በኃይለኛ ጨረር ውስጥ ምታቸው ይደራረብና ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ እየተጠጋችሁ ሳለ ንባቡ ድንገት ከጠፋ ወደ ኋላ ተመለሱ። ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ማንቂያ ይጠቅማል፣ ግን ጄኔሬተር አጠገብ ድምፁ ላይሰማ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ፔሩ ያናንጎ በተባለ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ላይ አንድ በያጅ 37 ኪዩሪ የሚሆን የኢሪዲየም ምንጭ አግኝቶ በሱሪው የኋላ ኪስ ከተተው። ለሰዓታት ኪሱ ውስጥ ቆየ፤ ሰውየው እግሩን አጣ። ከ50 ኪዩሪ ምንጭ 1 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ቆዳ በደቂቃ 40 ሲቨርት ያህል እንደሚቀበል ማስላት ቀላል ነው።

ምንጩ ተቀርቅሮ ከቀረ ለመመለስ ማዞር አንድ ሁለቴ መሞከር ይቻላል። ካልሆነ እጀታውን ለቆ መራቅ፣ ገመዱን ንባቡ በሚያዝዘው ርቀት ማስፋት፣ ሰው እንዳይገባ ቁሞ መጠበቅና የጨረር ደህንነት ኃላፊውን መጥራት ነው። የእርሳስ (ሊድ) ከረጢትና ረጅም መቆንጠጫ ይዞ መግባት፣ በሰከንድ ተሰልቶና አስቀድሞ ባዶ ቱቦ ላይ ተለማምዶ፣ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።